ሙከራው ወረታ ነው

ደብረ ታቦር ላይ የመኪና ኤሲ እጠግናለሁ ብሎ በር የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሳቅ ነው። ከጉና የሚወርደው ንፋስ በሚያዝያ እንኳ ጋቢ በሚያስደርብበት ከተማ፣ መኪና ውስጥ ተጨማሪ ብርድ የሚገዛ ማነው? ይማም ግን ለሳቁ ቦታ አልሰጠም። መኪና እንደ ሰው ባንድ አገር አይኖርም፤ ጠዋት ደጋ የነበረው ሚኒባስ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ነው፤ ሲከፋም መተማ ይወርዳል፤ እዚያ ኤሲ የሌለው መኪና እቶን ነው፤ እያለ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን የራዲያተር ብየዳ ቤቱን አሰፋና ልጁን ሐምዛን ሥራውን አስተማረ። ሐምዛ ደግሞ ሚስቱን አስተማረ።

ዘሀራ የሐሙሲት ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። ያገባች ሰሞን ለባሏ ምሳ ይዛ ስትመጣ፣ እሱ በልቶ እስኪጨርስ ሥራ ፈትታ ላለመቀመጥ ያህል፣ የተጣመሙ የኮንደንሰር ክንፎችን በቀጭን ማበጠሪያ ማቃናት ጀመረች። የኤሲውን ሙቀት ወደ ውጭ የሚጥሉ፣ ከወረቀት የሚሳሱ የአሉሚኒየም ክንፎች ናቸው፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው አንዱን ሲያቃና ሌላውን ያጣምማል። ይማም አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሞ ካየ በኋላ፣ "ይቺን ልጅ ምሳ ብቻ ማስያዝ ኪሳራ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ሦስቱ አብረው ይሠሩ ነበር።

ሐምዛ የሞተው ጥቅምት ላይ ነው። አንድ ደንበኛ መኪናውን አስጠግኖ፣ አብረው ወረታ ድረስ ወርደው ሞክረው ሲመለሱ፣ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ከላይ መጣባቸው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶ ሲያለቅስ የዘሀራ ዓይን ደረቅ ነበር። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው "አላህ ሰብሩን ሰጣት" ተባባሉ። እሷ ግን ሰብር እንዳልሆነ ታውቀዋለች። ሰብር የሚታገሡት ነገር ሲኖር ነው፤ እሷ የምትታገሠው ነገር አልነበረም። ሰው ሲናገር ትሰማለች፣ ምግብ ሲቀርብላት ትበላለች፣ ሲመሽ ትተኛለች። ሁሉም ነገር ከወፍራም ግድግዳ ወዲያ የሚደረግ ይመስላት ነበር።

ዒዳዋን፣ ባል የሞተባት የምትቀመጠውን አራት ወር ከዐሥር ቀን፣ ጨርሳ ከቤት መውጣት ሲፈቀድላት በመጀመሪያው ጠዋት ቁልፉን ከመስቀያው ሚስማር ላይ አንስታ ሥራ ቤቱን ከፈተች። ማንም አልከለከላትም። ይማም ከኋላዋ መጥቶ በርጩማውን በር ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ። ዓይኑ ስለ ደከመ በእጁ ብዙ አይሠራም፤ ጆሮው ግን ገና ነበር፤ ሞተር ሲነሣ ሰምቶ ብቻ ሕመሙን ይናገራል።

ዓለምነው የመጣው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ነው። ሚኒባሱ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ዘሀራ ያወቀችው መኪናውን ሳይሆን ሰውዬውን ነው። ግራ ክንዱ ተሰብሮ በደንብ አልገጠመም፤ አይዘረጋም። ሐምዛ የሞተበት መኪና ባለቤት እሱ ነው፤ ያን ቀን መሪውን ይዞ የነበረውም እሱ ነው።

"እንደምን አደሩ፣ አባ ይማም" አለና ኮፍያውን አወለቀ። ወደ ዘሀራም ዞሮ ራሱን ዝቅ አደረገላት።

"ደህና ነህ ዓለምነው? ክንድህ ተሻለህ?" አለው ይማም።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። መኪናዋንም ባሕር ዳር አሠርቻታለሁ። ፊቷ ተጨፍልቆ ስለ ነበር ኮንደንሰሩን ከሌላ መኪና አውጥተው ነው ያስገቡልኝ።" ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ። "ከዚያ ወዲህ ግን ኤሲው ያስቸግረኛል። እዚህ ሳለሁ ይቀዘቅዛል፤ ስነዳም ደህና ነው። ቆላ ወርጄ ቆም ስል ትኩስ ነፋስ ይተፋል። አሁን የመተማ መስመር ይዣለሁ፤ ተሳፋሪ ታፍኖ ሊሞት ነው። ሌላ ቦታ ልወስዳት አስቤ ነበር፤ ከእናንተ በቀር ደግሞ…"

"ኮፈኑን ክፈትና ሞተሩን አስነሣው" አለችው ዘሀራ።

ሰው ኤሲ ብርድ የሚሠራ ይመስለዋል። ብርድ የሚባል የሚሠራ ነገር የለም። ኤሲ የሚያደርገው ከተሳፋሪው ዙሪያ ሙቀቱን ለቅሞ ውጭ መጣል ነው። በቧንቧው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ከመኪናው ውስጥ ሙቀት ጠጥቶ ይወጣል፤ ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። ያ የጋለ ጋዝ የሚመጣው ወደ ኮንደንሰሩ ነው። ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት፣ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ይቆማል፤ ሲጋጭም ከሁሉ ቀድሞ የሚደቅቀው እሱ ነው። ጋዙ እዚያ በተጠማዘዘው ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ በክንፎቹ መካከል የሚሾልከው ንፋስ ሙቀቱን ይወስድለታል፤ ጋዙም የድስት እንፋሎት ክዳኑ ላይ ውኃ እንደሚሆነው ሁሉ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሽ ሆኖ ካልወጣ ተመልሶ ቅዝቃዜ አያመጣም። ክንፎቹ በጭቃ ወይም በገለባ ከተደፈኑ፣ ወይም ንፋስ ካጣ፣ ሙቀቱ የሚሄድበት የለውም።

ዘሀራ ክንፎቹን በባትሪ አየቻቸው። ንጹሕ ናቸው። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀባቻቸው፤ አረፋው አልፈላም፤ ጋዝ አይወጣም። የግፊት መለኪያውን አሰረች፤ ቀስቱ በደህናው ቦታ ቆመ። እጇን መኪናው ውስጥ አስገብታ ነፋሱን ዳሰሰች። በረዶ ነው።

"ደህና ነው" አለች።

"እዚህ ደህና ነው" አለ ይማም ከበርጩማው ላይ። "በደብረ ታቦር ንፋስ የሞተ ኮንደንሰርም ሕይወት ያለው ይመስላል። ሙቀቱን ብርዱ በነጻ ይወስድለታላ። ሙከራው ወረታ ነው።"

ካለ በኋላ የተናገረው በገዛ ጆሮው ደወለበት መሰል፣ መቁጠሪያውን ከኪሱ አወጣ። ዓለምነውም መሬት መሬቱን አየ። ለሐምዛና ለአባቱ ይህ ያረጀ ደንብ ነበር፤ የኤሲ ሥራ ሳይወርድ አይሞከርም፤ ያልተሞከረ መኪና ደግሞ ለባለቤቱ አይሰጥም።

"እንሂድ" አለች ዘሀራ። ቃሉ እንደዚህ በቀላሉ መውጣቱ እሷንም ገረማት።

ይማም ካፖርቱን ደርቦ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ መቁጠሪያውን በእጁ ይዟል። ምራቱን ብቻዋን አልሰድም አላለም፤ "ጉልበቴን ሙቀት ይሻለዋል" ነው ያለው። እሷ ከፊት፣ ከበሩ በኩል ተቀመጠች። መለኪያውና የመፍቻ ሣጥኑ ከእግሯ ሥር ነበሩ።

ከከተማው ወጥተው መንገዱ ወደ ዓለም በር ቁልቁል መውረድ ጀመረ። እርሻው ታጭዶ ባዶ ነው፤ አልፎ አልፎ አንድ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ዝናቡን ሳይጠብቅ ይገለብጣል። ዓለምነው ፍጥነቱን ቀነሰ። አንድ ጥምዝ ነበር፣ ባንድ በኩል ተቆርጦ የቆመ ዐለት፣ በሌላ በኩል የባሕር ዛፍ ያለበት ገደል።

"እዚህ ነው" አለ።

ዘሀራ ዐለቱን አየችው። ነጭ ቀለም የተፋቀበት ቦታ አለ። ከዛፎቹ መካከል ጭስ የሚወጣበት ቤት ይታያል። ልቧ ምን እንደሚላት ጠበቀች። ምንም አላላትም። የጠበቀችው ነገር ባለመምጣቱ አላዘነችም፣ አላፈረችም። ከኋላዋ ይማም ፋቲሓ ሲቀራ ሰማች። ያኔ ያሰበችው የመለኪያውን ቀስት ነበር፤ ወረታ ላይ ስንት ድረስ እንደሚወጣ።

ዓለምነው ጥምዙን ካለፈ በኋላ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ መናገር ጀመረ።

"የጭነት መኪናው ሲመጣብን ወደ ገደሉ ከምገባ ብዬ ወደ ዐለቱ ጠመዘዝሁት። የተመታው የሱ በኩል ነው። ይህን ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ተነሥቼ መንገድ ላይ እየተመለስሁ ቀረሁ።"

"ወደ ገደሉ ብትገባ ሁለታችሁም አትተርፉም ነበር" አለችው። ይህን ያለችው ልታጽናናው አልነበረም፤ እንዲያው እውነት ስለ ነበረ ነው።

"እሱስ ነው።" ማርሽ ቀየረ። "ብቻውን አልነበረም። እኔ ክንዴ ተጣብቆ፣ ራሴን እየሳትሁ እየነቃሁ፣ መውጣት አቅቶኝ ነበር፤ የጭነቱ ሹፌርም ሮጦ ሰው ሊጠራ ሄደ። አንዲት ሴት ከዚያ ከታየሽ ቤት መጣች። አውጥታ መሬት አስተኛችው፤ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እስኪያልፍ ድረስ አልተነሣችም። ስሟን አላውቀውም።"

ዘሀራ ዞራ ወደ ዛፎቹ አየች። ሴት እንደ ነበረች ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር።

ወረታ ሲደርሱ ቀኑ ግሎ ነበር። ከፎገራ ሜዳ የሚነሣው ሙቀት አስፋልቱ ላይ ይርገበገባል፤ የሽንኩርት ጆንያ የሚጭኑ ሰዎች ጥላ ፍለጋ ከጭነት መኪናቸው ሥር ገብተዋል። ዓለምነው ሚኒባሱን ፀሐይ ላይ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ተወው። መጀመሪያ ቀዝቃዛው ነፋስ እንደ ነበረ ቆየ። ከዚያ ለብ አለ። ብዙም ሳይቆይ ከመንገዱ ሙቀት ጋር አንድ ሆነ።

ዘሀራ ወርዳ መለኪያውን አሰረች። ቀስቱ እያየችው ይወጣል። ሙቀቱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ማራገቢያውን ጎንበስ ብላ አየችው፤ በኃይል ይዞራል። ክንፎቹ ንጹሕ፣ ማራገቢያው ደህና፤ ታዲያ ንፋሱ የት ሄደ?

ከመንገዱ ዳር አንድ ቀጭን ፌስታል አነሣችና ከኮንደንሰሩ ፊት ለፊት ለቀቀችው። ማራገቢያ ንፋስ ከውጭ ወደ ውስጥ ሊስብ ነው የተሠራው፤ ፌስታሉ ሄዶ ክንፎቹ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ፌስታሉ ግን ተወርውሮ ፊቷ ላይ መጣ። ትኩስ ንፋስ አብሮት መጣ።

"ወደ ኋላ ነው የሚዞረው" አለች።

"ምኑ?" አለ ዓለምነው።

"ማራገቢያው። ሽቦዎቹን አገለባብጠው ነው ያሰሩት። ስትነዳ የመንገዱ ንፋስ ያሸንፈዋል፤ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ብርዱ ይሸፍንልሃል። እዚህ ስትቆም ግን የሞተሩን ሙቀት መልሶ በኮንደንሰሩ ላይ ይተፋዋል።"

ሞተሩን አስጠፋችው፤ ሁለቱን ሽቦዎች በፒንሳ ፈታ ቦታቸውን አቀያየረች፣ በፕላስተር ጠቀለለቻቸው። ሞተሩ ሲነሣ ፌስታሉን እንደ ገና ለቀቀችው፤ ሄዶ ኮንደንሰሩ ላይ ተለጠፈ። ቀስቱ ቀስ እያለ ወረደ። ከውስጥ ይማም የካፖርቱን ቁልፍ እየቆለፈ "አልሐምዱሊላህ፣ አገራችን ገባን" ሲል ተሰማ።

"ይህችው ብቻ ነበረች?" አለ ዓለምነው።

"ይህችው ብቻ።"

መፍቻዎቿን ወደ ሣጥኑ እየመለሰች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችው። "ያን ቀን ኤሲው ሠርቶ ነበር?"

ዓለምነው ጥያቄውን አልጠበቀውም። "ሠርቶ ነበር። በጣም ቆንጆ አድርጎ ነበር የሠራው። ስንመለስ መስኮቱን ዘግተን፣ ዓለም በርን እስክናልፍ እንደ በረዶ ነበር። በኋላ በእጁ አጠፋውና 'ከዚህ በኋላ የአገራችን ብርድ ይበቃናል' አለኝ። ሲስቅ ነበር።"

"እሺ" አለች ዘሀራ።

ሲመለሱ፣ ዐለቱ ገና ከሩቅ ሲታይ፣ እንዲያቆም ነገረችው። ይማም ጉልበቴ ቁልቁለቱን አይችልም ብሎ መኪናው ውስጥ ቀረ። ዓለምነውም ከመሪው አልወረደም። እሷ ብቻዋን በባሕር ዛፎቹ መካከል ወረደች።

ሴትዮዋ ከቤቱ ደጅ ኩበት ትጠፈጥፋለች። ጎልማሳነቷን ያለፈች፣ ማተቧ የጠቆረ፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ናት። የዘሀራን ሻርፕና ቱታ አይታ ሥራዋን አቆመች።

"እንዴት ዋሉ፣ እናቴ" አለች ዘሀራ። "ጥቅምት ላይ እዚህ መኪና ተጋጭቶ ነበር።"

ሴትዮዋ እጇን በሣር ጠራረገች። "ሚስቱ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ሰው ይመጣል እያልሁ ስጠብቅ ነበር። እናቱ ትሆናለች ብዬ ነበር። አሰለፈች እባላለሁ፤ ተቀመጪ።" ከደጁ ባለው ግንድ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አሰለፈች ለመጀመር አልቸኮለችም።

"ውኃ ሲለኝ ሰጠሁት" አለች በመጨረሻ። "ብዙ አልጠጣም። ሕመሙን አልነገረኝም፤ ያመመውም አልመሰለኝ። መኪናው ግን አልጠፋም ነበር። ከፊቱ ውስጥ አንድ የሚዞር ነገር አለ አይደል? እሱ ከተጨፈለቀው ብረት ጋር እየተጋጨ ይንቋቋል፤ ይንቋቋል። 'ይሰማኛል፣ አጥፉልኝ' አለኝ። ሹፌሩ ራሱን ስቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ መኪና ማጥፋት በየት አውቄ? 'እኔ አላውቅበትም ልጄ' አልሁት። ደጋግሞ ለመነኝ። ቢጨንቀኝ ጆሮውን በእጄ ሸፈንሁለት። ያኔ ዝም አለ። እንደዚያ እንዳለ አለፈ።"

ዘሀራ የሴትዮዋን እጆች አየች። ሰፋፊ ናቸው፤ በጣቶቹ መካከል ኩበቱ ደርቋል።

"የትኛውን ጆሮ?" አለች።

"የቀኙን። ግራው ጭኔ ላይ ነበር።"

ዘሀራ ራሷን ነቀነቀች። አሰለፈች ገብታ የተቀቀለ ድንች በሰፌድ አምጥታ መካከላቸው አኖረች፤ ጨውና በርበሬ ከዳር አለ። በሉ። ዘሀራ ሁለተኛውን ስትልጥ መራቧን አወቀች፤ ሦስተኛውንም በላች። አማቷ መኪናው ውስጥ እንደሚጠብቃት ስትነግራት፣ አሰለፈች የቀረውን "ለሽማግሌው" ብላ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻት።

መኪናው ከተነሣ በኋላ ይማም ድንቹን በእጁ ይዞ ሳይበላ ቆየ።

"ምን አለችሽ?" አላት።

እንደ ሰማችው ነገረችው፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ዓለምነው መኪናውን ከመንገዱ ዳር አስጠግቶ አቆመ፤ መንዳት አልቻለም። ይማም ግን መጀመሪያ ፈገግ ነው ያለው።

"ማራገቢያውን ሰማው" አለ። "እየሞተም ሰማው። ልጄ ነዋ።" ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ እንባው ወረደ፤ ጢሙን አልፎ ካፖርቱ ላይ ተንጠባጠበ። በለቅሶው ቀን ሰውን ሲያጽናና የዋለ ሽማግሌ ነው፤ ዘሀራ እንዲህ ሲሆን አይታው አታውቅም።

እሷ አላለቀሰችም። ከፊት ወንበር ዞራ እጇን ጉልበቱ ላይ አኖረች፤ እሱ እስኪበቃው ድረስ አላነሣችውም።

ዓለምነው በማግሥቱ ወደ መተማ ወረደ። ኤሲው ከዚያ ወዲህ አላስቸገረውም፤ በሄደበት ሁሉ ሌሎች ሹፌሮችን እየላከ ሥራ ቤቱ ቦታ እስኪያጣ ሞላው። እሱም ባለፈ ቁጥር ይማምን ሳይሳለም አይሄድም።

አሰለፈች ግን በሌላ መንገድ መጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንች ይዛ ደብረ ታቦር ገበያ ትወጣ ነበር፤ አንድ ቀን ጠይቃ ጠይቃ ከመናኸሪያው ጀርባ አገኘቻቸው። ከዚያ ወዲያ ያልተሸጠላትን ጆንያ እዚያ ማሳደር፣ እሷም እግሯን ዘርግታ ማረፍ ልማድ ሆነ። ይማም በርጩማውን ይለቅላታል። ብዙ አይነጋገሩም ነበር።

ሰኔ ግም ሲል፣ ዝናቡ ገበያውን ቀድሞ በበተነበት ቅዳሜ፣ ዘሀራ አንድ የተደፈነ ኮንደንሰር በውኃ ታጥባለች፤ አሰለፈች ከቆርቆሮው ሥር ተጠግታ ታያታለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ካልከፋሽ" አለች አሰለፈች። "እኔ ያየሁት ተኝቶ ብቻ ነው። ሲቆም ምን ይመስል ነበር?"

ዘሀራ ውኃውን ዘጋችው። እጇን በቱታዋ ጠረገች፤ መልሱ ከየት እንደሚጀመር እንደሚፈልግ ሰው ወደ በሩ አየች።

"ረጅም ነበር" አለች። "እዚህ በር ሲገባ ጎንበስ ይል ነበር። ሲረሳው ግንባሩን ይመታው ነበር፤ ሁልጊዜ ይረሳዋል።" በጣቷ ጉበኑን አሳየች። "ሲመታው ደግሞ በሩን ነበር የሚቆጣው።"

አሰለፈች ሳቅ አለች። ዘሀራ ከአጠገቧ ተቀመጠችና የቀረውን ትነግራት ጀመር።